የጥቀርሻው መዝገብ

የሴት አያቴን የእምዬን ፊት ማድ ቤቷ ውስጥ ሆና በደንብ ያየሁት 26 ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ሌላ ቦታማ አይቻታለሁ፤ በረንዳ ላይ ጥጥ ስትፈትል፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ስትሄድ፣ አዳራሹ ውስጥ እንግዳ ስትቀበል። ማድ ቤት ከገባች ግን ድምፅና እጅ ብቻ ነበረች። ጭራሮ ታቅፌ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ከጢሱ ውስጥ አንድ እጅ ብቅ ይልና ይቀበለኛል። «ሂድ ወዲያ፣ ዓይንህን ይለበልብሃል» ይለኛል ድምፁ። እጁን አውቀዋለሁ፤ አውራ ጣቱ ሥር የምጣድ ጠባሳ አለበት። ፊቱ ግን ከጢሱ ማዶ ነው።

ቤታችን አማኑኤል ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥታችሁ ወደ ደምበጫ ስትሄዱ የምታገኟት የማቻከል ወረዳ ከተማ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ መኻሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ደጋ ናት፤ የጮቄ ብርድ ማታ ማታ በበር ሥር ሾልኮ ይገባል። ስሟ የደብሩ ስም ነው፤ ወር በገባ በ28 ዝክር የማይዘከርበት መንደር የለም፤ ዝክር ሲኖር ደግሞ ጢስ የማይወጣው ማድ ቤት የለም።

ቤቱን ያሠራው ቅድመ አያቴ ነው፤ ከማይጨው በፊት። ጭቃ ሹም ነበር እንጂ የትልቅ ማዕረግ ሰው አልነበረም፤ ትልቅ ቤት ግን አይቷል። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተባሉ በኋላ፣ መንቆረር ይባል የነበረው ከተማቸው ባሠሩት በቅዱስ ማርቆስ ደብር ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ቅድመ አያቴ በልጅነቱ ግብር ተሸካሚዎችን ተከትሎ እየሄደ፣ የግቢውን አዳራሽ በዓይኑ ሲለካ ያደገ ሰው ነው ይባላል። ጊዜ ሲሰጠው የለካውን በአቅሙ አሠራው። የጽድ ምሰሶዎቹን በደቦ አስጎትቶ አመጣ፤ ልጅ ሆነን አንዱን ምሰሶ ለማቀፍ ሁለት ሆነን እጅ ለእጅ እንያያዝ ነበር። በሩ ሰፊ፣ መደቡ ከፍ ያለ፣ ጣሪያው ሩቅ ነው።

ማድ ቤቱ ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ተለጥፏል። የተሠራው ከአዳራሹ በተረፈው ጠማማ እንጨት ነው። በሩን ጎንበስ ብለው ይገቡበታል፤ መስኮት የለውም። ጢሱ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ሰርስሮ ይወጣል፤ መውጣት ያቃተው ደግሞ እዚያው ጣሪያው ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይንጠለጠላል። በኋላ ዘመን አዳራሹ ቆርቆሮ ሲለብስ ለማድ ቤቱ የደረሰው የተረፈው አሮጌ ቆርቆሮ ነበር።

በቤታችን ታሪክ ሲወራ የሚወራው ስለ አዳራሹ ነው። በመጋቢት 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ በመንገዱ ያለፉ አርበኞች እዚህ አድረው በልተዋል ይባላል፤ ማን የት እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ ይነገራል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁን ተቃውሞ ጎጃም ሲነሣ ሽማግሌዎች የመከሩት እዚያው መደብ ላይ ነው ይባላል፤ የማን ቃል ከማን ቃል እንደበለጠ ይነገራል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ መንገድ ዳር ያከራየነው ቤት ሄደ፤ ያ ቀን አያቴ አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰዓት ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ይነገራል። የዚያን ሁሉ ሰው እንጀራ ማን ጋገረው፣ በስንት ምጣድ፣ በማን እህል? ይህን የሚነግር የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

እምዬ ወደዚህ ቤት ሙሽራ ሆና የገባችው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። አማቷ ጭቃ ሹሙ አዳራሹን አዙሮ አሳያት፤ ማድ ቤቱን ግን ራሷ ዳብሳ አወቀችው። ከዚያ በኋላ ወደ 60 ዓመት ገደማ ጨለማ ውስጥ ጋገረች።

በዚያ ጨለማ የሚወጣው እንጀራ ግን ዓይናማ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ፣ «እምዬ፣ ምጣዱ መጋሉን በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ያወራል» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ልብ ብዬ ሳዳምጥ እውነቷን ነው። የተወቀጠ ጎመን ዘር በማሰሻ ምጣዱን ስታስሰው ቸስ ካለ ገና ነው፤ ቸስታው አጥሮ ደረቅ ካለ ደርሷል። ሊጡን በጣሳ ቀድታ ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መኻል ስታፈስ፣ ቀጭን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ የእንጀራው ዓይን ሲፈነዳ ነው። ዝናቡ ሲያባራ አክንባሎውን ትደፋለች። ከዚያ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ቀስ ብላ ትደግማለች። ጸሎቱ ሲያልቅ እንፋሎቱ በአክንባሎው ዳር ወጥቶ እጇን ይነካታል፤ ያኔ ታነሣዋለች። ዓይን የሚባል ነገር አላስፈለጋትም፤ እኛም የማያስፈልጋት መስሎን ኖርን።

ለዚህች ክፍል በአማርኛ ስም አላነሰንም። ማድ ቤት ስንል ማዕድን አስበን ነው። ጓዳና ማጀት ስንል የቤቱን ውስጥ፣ እንግዳ የማያየውን ማለታችን ነው። ኩሽና ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቃል ነው። ስም እንደዚህ ያበዛንላት ክፍል ውስጥ ግን ወንድ ልጅ አይገባም፤ ማጀት የሚያዘወትር ወንድ ይሳቅበታል። ስለዚህ ቤት የሚሠሩት ወንዶች የማይገቡበትን ክፍል ይሠራሉ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረትም የተረተው ከጉልቻ አጠገብ ቁጭ ብሎ የማያውቅ ሰው ይመስለኛል። አጠገቡ የምትቀመጠዋ ጉልቻው በአንድ ጣት ሲዛነፍ ምጣዱ እንደሚዘነብል፣ ሊጡም ወደ አንድ ወገን እንደሚወፍር ታውቃለች።

በ2003 ዓ.ም. ለጥምቀት ስሄድ እምዬ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ውጭ አፈሰሰችው። እሳቱ ላይ ወርዶ ተንጫጫ። በኋላ እንደነገሩኝ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ሐኪም ቤት ወሰድናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲመላለስባት የኖረው የዓይን ማዝ፣ ሐኪሞች ትራኮማ የሚሉት፣ የዓይኗን ቆብ ከውስጥ አጠባስሶ የሽፋሽፍቷን ፀጉር ወደ ብሌኗ አዙሮታል። ክልላችን በዓለም ላይ ይህ በሽታ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ጢስ በሽታውን አያመጣውም፤ የቆሰለ ዓይንን ግን ፋታ አይሰጠውም። ቆቡ በቀዶ ሕክምና ተስተካከለላት። ሐኪሙ ሲሸኘን እኔን ነበር የሚያየው፦ «ወደዚያው ጢስ የምትመለስ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?»

እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ አንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ንድፍ አንሺ ነበርኩ። የሰው ወጥ ቤት በወረቀት ላይ በቀን ሁለት ሦስት እሠራለሁ። የእምዬን ማድ ቤት ግን ልሥራ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ምሽት በአውቶቡስ ስመለስ አፈርኩ፤ ኀፍረቴ ወዲያው ወደ ትጋት ተለወጠ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ንድፉ አለቀ። ማድ ቤቱ ወደ ጓሮው 2.5 ሜትር ይወጣል፤ ጣሪያው ከፍ ይላል፤ መንገዱን የሚያይ 1.50 በ1.20 የሆነ መስኮት ይኖረዋል።

ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርኩት አንድ ታሪክ በልቤ ነበር። ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ ቤቶች ወጥ ቤት ነደፈች። ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ብቻ ነው፤ 10,000 ያህል ተሠርቷል፤ የዛሬው ዘመን ወጥ ቤት ሁሉ የእሱ ልጅ ነው ይባላል። ሴትየዋ በኋላ እንደተናገረችው ያንን ስትነድፍ ወጥ ሠርታ አታውቅም ነበር። እኔ ከታሪኩ የያዝኩት ይህችን ነበር፤ ወጥ ሳይሠሩ ወጥ ቤት መንደፍ ይቻላል የምትለዋን። የረሳሁት ግን የሚበልጠውን ነው፤ እርምጃ የሚቆጥር፣ ጊዜ በሰዓት የሚለካ ጥናት አስቀድማ ነበር የነደፈችው።

በየካቲት፣ አዝመራው ገብቶ ደቦ በሚቀልበት ጊዜ፣ ንድፌን ጠቅልዬ አማኑኤል ገባሁ። እምዬ አጠገብ መደቡ ላይ ዘረጋሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች፣ ጣቷን ሰማያዊው መስመር ላይ አኑራ።

«መስኮት ነው እምዬ።»

«ወዴት የሚያይ?»

«ወደ መንገዱ። ፀሐይ በዚያ በኩል ጥሩ ትገባለች።»

«እንግዲያ ሊጤን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሊያየው ነው?» ብላ አማተበች።

ሳቅሁ። የቡዳ ነገር መሰለኝ፤ የቦካ ሊጥና የሚበላ ነገር ለሰው ዓይን አይሰጥም የሚለው። እታለም የምላት አክስቴ ግን አልሳቀችም። «አንተ የገባህ ዓይኑ ብቻ ነው» አለችኝ። «ስትጋግር ያየህን ሰው ብላ ሳትለው ታሳልፈዋለህ? ነሐሴ ላይስ? ጤፉ አልቆ ገብስ የምትጋግርበት ቀንስ? መንገደኛው በመስኮት ያየዋል፤ እሱ ሲያየው ደግሞ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል።»

ዝም አልኩ። ያ ጨለማ ገመና ሸፋኝ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላሰብኩትም ነበር። ባለ ትልቅ አዳራሽ ቤት ነን፤ ሰው ከትልቅ ቤት የሚጠብቀው አለ። ጓዳው ምን እንዳለውና ምን እንደጎደለው የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ጢሱ ሁለቱንም ሲሸፍን ኖሯል።

ሰማያዊውን መስኮት ሰርዤ እዚያው ወረቀት ላይ በእርሳስ አዲስ ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ግን የምስለው ሲነግሩኝ ነበር። ሊጡ የት ይቀመጣል? ቡሃቃው ከእሳቱ ሙቀት እንዳይርቅ፣ የደጋ ብርድ እርሾውን ያሰንፈዋል። ማገዶው በየትኛው እጅ ይነሣል? በግራ፤ ቀኝ እጅ ሊጥ ይዟል። ጓሮ ያለው ጌሾ ይቆረጥ? አይቆረጥም፤ የተከለችው ሙሽራ ሳለች ነው። ስለዚህ አዲሱ ግድግዳ ጌሾው ጋ ሲደርስ ታጠፈ፤ በሕይወቴ ከሣልኳቸው መስመሮች ሁሉ ጠማማው እሱ ነው። መስኮቱም ወደ ላይ ወጣ። ከክፈፉ ሥር፣ ከቆመ ሰው ራስ በላይ፣ ቁመቱ አጭር ጎኑ ረጅም ሆኖ ግድግዳውን ይዞ ሄደ። ከምጣዱ በላይ ደግሞ አንዱን ቆርቆሮ አንሥተን ብርሃን በሚያሳልፍ የላስቲክ ቆርቆሮ ልንተካው ተስማማን። እምዬ እስኪገባት ሦስት ጊዜ አስረዳኋት፤ ሲገባት ፈገግ አለች። «ይሁን» አለች። «ሰማይ ይየኝ፤ መንገደኛ አይየኝ።»

ሥራው ሲጀመር አናጢው በመጥረቢያው ጀርባ ቤቱን መታ መታ እያደረገ ዞረ። የአዳራሹ ምሰሶዎች ደህና ናቸው፤ ቆርቆሮው ሲለብስ የገባውን የባሕር ዛፍ ወራጅ ግን ነቀዝ ዱቄት አድርጎታል። ማድ ቤቱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ያ ትራፊና ጠማማ እንጨት ብረት ሆኖ ቆሟል። «እሜቴ፣ ጢስ የበላውን እንጨት ነቀዝ አይበላውም» አላት። እውነት ነው፤ ጢስና ጥቀርሻ እንጨቱን ያደርቁታል፣ ተባዩንም ያርቁታል። የተናቀው ክፍል ከተከበረው በልጦ ተገኘ።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ሲቀመጥ እኔ በማግስቱ ይመረግ አልኩ። እምዬ ከለከለችኝ። «ሊጥም ጭቃም ሳይቦካ አይነካም» ብላ ቀናት አስጠበቀችን። የተለሰነው ግድግዳ ሲደርቅ በእበት ተለቀለቀ፤ በላዩ ነጭ አፈር ተቀባ። ጉልቻው ቀርቶ ምርጥ የሚባለው ምድጃ ገባ፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በየክፍሉ የሚቀረጽ፣ ተገጣጥሞ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ዘግቶ የሚይዝ ነው። በአገራችን ከተዋወቀ ያን ጊዜ ሁለት ዐሥርት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከኋላው የጢስ ማውጫ ቧንቧ ተከልንለት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ያን ቧንቧ ስተክል ይህን አላውቅም ነበር፤ የማውቀው የአንዲትን ሴት ዓይን ብቻ ነበር።

ጥፋቴን የሠራሁት ሥራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ከአሮጌው ማድ ቤት ያላነሣነው አንድ ምሰሶ ነበር፤ የድሮውንና የአዲሱን ጣሪያ አጋጥሞ ይዟል። ከላይ እስከ ታች ጥቀርሻ ለብሶ እንደ ከሰል ይብለጨለጫል። ነጭ ግድግዳ መኻል ጥቁር ምሰሶ ዓይኔን አስጠላው። እምዬ በ28 አማኑኤልን ልትሳለም በሄደችበት ጠዋት፣ በፈላ ውኃና በኦሞ፣ በሽቦም ጭምር ፈተግሁት። ከሥሩ ቀይ ቡናማ እንጨት ወጣ። ደስ አለኝ። ስፈትገው ከወገቤ ከፍታ አካባቢ ጥቀርሻው ላይ በጥፍር ወይም በቢላ የተጫረ ብዙ መስመር አይቻለሁ፤ ጎን ለጎን፣ አንዳንዱ በላዩ ላይ ተሰርዟል። የልጆች ጨዋታ መሰለኝ። አብሬ አጠብኩት።

እምዬ ስትመለስ በበሩ ገብታ ቆመች። የመጀመሪያው ብርሃን ከጣሪያው ወርዶ ፊቷ ላይ አረፈ፤ ያን ጊዜ ነው ያየኋት። በጉንጭዋ ላይ ያሉት መስመሮች ከማውቃቸው ይበዙ ነበር። ቤቱን ዞራ አየች፤ ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው። ምሰሶው ጋ ስትደርስ እጇን እንደ ልማዷ ወገቧ ከፍታ ላይ አሳረፈች፤ ወደ ላይ ዳበሰች፤ ወደ ታች ዳበሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በዓይኗ ፈለገች።

«አጠብከው?» አለችኝ።

«ቆሽሾ ነበር እምዬ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ብድር ነበር እኮ» አለች በመጨረሻ።

ያበደረችው መሰለኝ፤ የትልቅ ቤት ልጅ ሌላ ምን ያስባል? «ማን ማን እንደነበሩ እናስታውሳለን፤ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ» አልኩ። እታለም እጄን ያዘችና ወደ ጓሮ አወጣችኝ። «ያበደሩን ናቸው» አለች ቀስ ብላ። አንድ መስመር አንድ ቁና ነው። መኸር ሲገባ ይከፈልና ይሰረዛል፤ ክረምት ሲመጣ ሌላ ይጫራል። ከመንገድ ዳሩ ቤት ኪራይ መቅረት ወዲህ፣ ከአያቴ ሞት ወዲህ፣ አዳራሹ እንግዳ መቀበሉን ሳያቋርጥ የኖረው በዚያ ምሰሶ ነው። «ሳይሰረዝ የቀረው አብዛኛው የዚያ ጊዜ ነው» አለችኝ፤ «አንተ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የነበርክበት። ጤፉ ላንተ ተሸጠ።»

ንድፍ መሣል የተማርኩት በዚያ ጤፍ ነው። በተማርኩት ንድፍ ቤቱን አበራሁ፤ ስም ያልተጻፈበትን መዝገብም አጠብኩ።

ማታ እምዬ ጠራችኝ። ወረቀቴንና እርሳሴን ይዤ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። የተቀመጥነው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ማድ ቤት ነው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድጃው አጠገብ፣ ዱካ ላይ። የንድፉን ባዶ ጀርባ ዘረጋሁ። የምታስታውሰውን ነገረችኝ፤ ጻፍኩ። ከጓሮ በኩል ያለችው፣ 2 ቁና ገብስ። የመምሬ ባለቤት፣ 1 ቁና ጤፍ። ጠላ የምትሸጠዋ፣ 2 ቁና በቆሎ። እንደዚያ እያልን 7 ቤት ሆነ። ሁለት ቁጥር ላይ ተጠራጠረችና ከፍ ከፍ አድርገህ ጻፈው አለችኝ። «ሰው ሲረሳ በራሱ ላይ ይርሳ» አለች።

በማግስቱ በአዲሱ ምድጃ የመጀመሪያው ሊጥ ተጋገረ። ብርሃኑ ከላይ ቀጥ ብሎ ምጣዱ ላይ ይወርዳል። እምዬ ሊጡን አዙራ አፈሰሰችና ዓይኑ ሲፈነዳ ጎንበስ ብላ አየች፤ ጆሮዋን አዘነበለች፤ እንደገና አየች። ያን ሁሉ ዓመት የሰማችውን ስታየው ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም። አክንባሎውን ስትደፋ ግን ከንፈሯ እንደ ድሮው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ብርሃን መጣ ብላ አቡነ ዘበሰማያቱን አልተወችም።

ከዚያ እንጀራ ለሰባቱም ቤት አምስት አምስት በሌማት አስይዛ ላከችኝ። ወረቀቱም አብሮኝ ሄደ። በየደጁ ቆሜ ብድራችን ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። የጓሮዋ ጎረቤታችን እንጀራውን ተቀብላ አየችና፣ «ዓይኑ እንዴት ያምራል» አለች። ብድሩን ደግሜ ሳነሣባት፣ «ከፍላለች» አለችኝ። መቼ? «ከፍላለች አልኩህ።» የመምሬ ባለቤት፣ «ምን ብድር?» አለች። ጠላ የምትሸጠዋ ሳቀች፤ «ይልቅ ያ ጭስ የለሽ ምድጃ ስንት ይፈጃል?» ብላ ወሬ ለወጠች። ሰባቱም ቤት አንድ ቃል የተማከሩ ይመስል ነበር። ስመለስ ለእምዬ ነገርኳት። «እነሱ ጨዋ ናቸው» አለች። «አንተ ግን አትሰርዘው።»

ብርሃኑ የራሱን ችግር ይዞ መጣ። በሁለተኛው ዓመት ከቆጡ ላይ የሰቀልነውን ዘር በቆሎ ነቀዝ ገባው፤ ጢሱ ሲጠብቀው ኖሯል። አዲሱ ወራጅም ዱቄት መርጨት ጀመረ። እምዬ መላውን አበጀች። በወር አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ሰው ሁሉ ይወጣና፣ የወይራ ቅጠልና እርጥብ እንጨት ቤቱ መኻል ይጨሳል። «ቤቱን አጥኑልኝ» ትላለች፣ እንደ ወተት ቅል። ጢሱን ጨርሳ አላባረረችውም፤ ቀን ቆረጠችለት።

በመስከረም 2012 አዲስ አበባ አንድነት ፓርክ ሲከፈት ዐፄ ምኒልክ ግብር ያበሉበትን አዳራሽ ለማየት ሄድኩ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ተቀምጦ የበላበት አዳራሽ ነው። ጎብኚው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። እኔ ዓይኔ በሮቹ ላይ ሄደ፤ እንጀራው በየትኛው ይገባ ነበር? ስንት ሴት ከበስተጀርባ፣ በምን ብርሃን? እምዬ ያን ጊዜ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ብትኖር እሷም የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር።

አሁን ማድ ቤቱ የእታለም ነው። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፤ ሲጠፋ ምድጃው አለ። ምሰሶው ታጥቦ እንደቀረ ቆሟል፤ ጢስ ስላነሰ መልሶ አልጠቆረም፤ ከእንግዲህ ብድር የሚጫርበት ነገር የለም። ንድፉ እኔ ዘንድ ነው። በፊቱ መንገዱን የሚያየው ሰማያዊ መስኮት አለ፤ በእርሳስ ተሰርዟል። በጀርባው ሰባት ቤትና የየቤቱ ቁና ተጽፏል። አንዱም አልተሰረዘም።